የስፒከር መቀናጆ

አባቴ እኔ ቤት በተቀመጡባቸው ስምንት ወራት ከአፋቸው የወጣው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ደብዳቤ አይሞላም። «እህ»፣ «ይሁን»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፤ አለቀ። በተለይ ይቺ ሦስተኛይቱ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ውሃ ሳቀብላቸው እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋቢያቸውን አጥቤ ሳመጣላቸው እግዜር ይስጥልኝ። ኧረ የገዛ ልጃቸው ነኝ! መንገድ ላይ ውሃ ያጠጣኋቸው ሴትዮ አስመሰሉኝ እኮ። እኔ ደግሞ ስናደድ ድምፄ ቆርቆሮ ይነቅላል፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ስድሳ ስድሳ ተማሪ ባንድ ክፍል አጉሮ ያስተማረ ጉሮሮ ነው። «አባባ! ምን አስቀየምሁዎ?» ብዬ ስጮህ ቀና ብለው ያዩኝና «ምንም፣ ልጄ። አትቆጪ» ይላሉ። ከዚያ ተመልሰው ዝም።

እናቴ ካረፈች በኋላ ከሽንዲ ገጠር ጎትቼ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። «ጎትቼ» ስል አውቄ ነው። ባለፈው ክረምት ከምንጩ ዳገት ላይ ወድቀው፣ የጠፋ ላም የሚፈልግ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ግማሽ ቀን ጭቃ ላይ ተኝተዋል። ያን ጊዜ ቤት የምትጠብቃቸው እናቴ ነበረች። አሁን ማን አለ? ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ሰው እዚያ ባዶ ቤት ብቻቸውን እንዴት ልተዋቸው? እሳቸው ግን የመጡት በውል ነው። «እስከ ጥቅምት እቀመጣለሁ፤ ጥቅምት ሲገባ የወንድሜ ልጅ መጥቶ ይወስደኛል። በሬዬ አለ» አሉ። አንድ በሬ ቀርቷቸዋል፤ የወንድማቸው ልጅ እየቀለበ ያርስበታል። ደግሞም ባገራችን ሽማግሌ በወንድ ልጁ ቤት ይጦራል እንጂ አማቹ ጣራ ሥር ሲቀመጥ ደረቱን ነፍቶ አይሄድም። ወንድም የለኝ፣ ምን ላድርግ? ወሩ በገፋ ቁጥር ለጥቅምት የቀረውን በጣቴ እቆጥራለሁ። ያን አይቼው የማላውቀውን በሬ እንዴት እንደጠላሁት እግዜር ያውቃል።

ባሌ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ነው፣ ከገባው በኋላ ግን የሚያስወጣለት የለም። አንድ ቀን ሐምሌ ውስጥ «እኔ የገባኝን ልንገርሽ?» አለኝ። «አባባ ካንቺ አልተጣሉም። ቤቱ ነው ጸጥ ያለባቸው። ልጆቹ ዩኒቨርስቲ ገቡ፣ እኔ ተናጋሪ አይደለሁ፣ ቴፑ ሞቷል።»

እውነቱን ነው። ቴፓችንን አንዱን ጎኑን አይጥ በልቶት፣ የቀረው ጎኑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበር የሚዘፍነው። አባቴ ደግሞ ድምፅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሲያርሱ ከበሬ ኋላ የሚያወርዱትን ዜማ ማዶ ያለ ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማው ነበር። ሬድዮናቸው ከምሰሶው ላይ ወርዶ አያውቅም። እኔም በዚያው ወር ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ፍሪጅ ልገዛበት አስቤ፣ ስሙንም «የፍሪጅ ብር» ብዬው ነበር። ፍሪጁ ይቅር፣ ለሳሎኑ ደህና ስፒከር እንግዛ፣ ምናልባት ሰውየው ልባቸው ይመለስ ይሆናል አልሁ።

ወይ ጉድ! ባሌን ለዚህ ነገር ማማከሬ የራሴ ጥፋት ነው። በማግስቱ ሜትር ይዞ ሳሎኑን ሲለካ አደረ ብል ውሸት አይደለም። «ዋት ዋት የሚሉሽን ነጋዴዎች አትስሚያቸው» ይለኛል። «ዋናው አቀማመጡ ነው። የሚሰማው ሰው ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል መራቅ አለበት። ስፒከር፣ ስፒከር፣ ሰሚ። ሦስት እኩል ጎን።» ይህን ብሎ ሙልጭ አድርጌ ያጠብሁት ወለል ላይ በጠመኔ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ጠመኔን የረሱት ነው የሚመስለኝ። ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ብታየው ደነገጠች።

«ምንድነው ይሄ? ድግምት ነው?»

«ፊዚክስ ነው» አልኋት።

«ያው ነው» ብላ መስመሩን ተሻግራ ተቀመጠች።

እኔ በበኩሌ ከተማችን ውስጥ ያሉትን ሱቆች ዞርሁ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ቁመቱ እኔን የሚያክል ነገር አሳየኝ። ሲከፍተው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መብራት እየተሽከረከረ ደረቴን ደቃው። «አምስት ሺህ ዋት ነው፣ እትዬ! ማይክ አለው፣ ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይቀበላል» ይለኛል እየጮኸ። «ስማ፣ ወንድም» አልሁት፣ «እኛ ሰፈር መብራቱ ለአንድ አምፖል አልበቃ ብሎ ይርገበገባል፤ አምስት ሺህህን ምን ላበላው ነው?» ሁለተኛው ዘንድ ያየሁት ደግሞ ትንሽ ፕላስቲክ ነገር ሆኖ፣ ድምፁ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ዋጋው ለቦርሳዬ የተሰፋ ነበር፣ ግን ይህንን ለአባቴ ገዝቼ ልወስድ? የስልክ ጥሪ መስሏቸው «ኧረ አንሱት» ይሉኛል። ሦስተኛው ደህና ነበረ። ዋጋውን ስጠይቅ ግን ባለ ሱቁ መጀመሪያ ወንበር አቀረበልኝ፤ ያን ጊዜ ሳልሰማው ወጣሁ።

በመጨረሻ ቡሬ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አለ፣ እንጨት ሳጥን ያላቸው የድሮ ስፒከሮች አሉት ተባልሁ። አባቴን ለምን አልወስዳቸውም ብዬ አሰብሁ። በአገራቸው በወምበርማ በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ ገበያ ይዟቸው ይሄድ ነበር፤ ዓይናቸውን ያመነ ተሳስቶ አያውቅም። ባሌ ሳቀ። «በሬና ስፒከር ምን አገናኘው?» አለ። እኔ ግን ወደ አባቴ ጠጋ ብዬ በጩኸት «አባባ! ቡሬ ሄደን ስፒከር እንምረጥ!» አልኋቸው።

ቀና አሉ። «ነጠላ ነው ወይስ ጥማድ?» አሉ።

«ጥማድ ነው፤ ሁለት ነው።»

ጋቢያቸውን አንስተው ዘንጋቸውን ፈለጉ። በስምንት ወር ውስጥ ከእኔ ጋር ወዴትም ልሂድ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርን። ባሌ ሜትሩን አስጨብጦኝ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። አባቴ በቀኝ በኩል መስኮቱ ዘንድ ተቀመጡ፣ እኔ ከጎናቸው። ማንኩሳን እስክናልፍ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ እናቴ ሳይቀር አወራሁላቸው። በቆሎ ያያሉ። አንድም ጊዜ አልዞሩም። በመጨረሻ ተናደድሁና «አባባ!» ብዬ ስጮህ ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ። እሳቸው ግን በእርጋታ፣ «አትቆጪ፣ ልጄ። እንደርሳለን» አሉ።

ቡሬ መናኸሪያ ስንወርድ ደግሞ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሽንዲ መኪና! ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሽንዲ! ሽንዲ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። አባቴ ቆሙ። መኪናውን አዩ፣ ከዚያ መንገዱን አዩ።

«አንድ ሰው ነው የቀረው» አሉ።

የጋቢያቸውን ጫፍ ያዝሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የጋቢ ጫፍ ይዤ መናኸሪያ መሃል ቆምሁ። ካሁኑ ከሄዱ እስከ ጥቅምት እንኳ አላገኛቸውም! «አባባ፣ ጥማዱ ይቀድመናል፣ ሰው ይገዛዋል» አልሁ። ይህች ሠራች። ገበያ ላይ መቀደም የማይወዱ ሰው ናቸው።

የነጋዴው ሱቅ ግማሹ የወንድሙ የበርበሬ ማስቀመጫ ነበር፤ ገና ስንገባ ከባለ ሱቁ ጋር ሦስታችንም አስነጠሰን። ባለ ሱቁ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ጨዋ ሙስሊም ነው። «አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። አረፍ ይበሉ» አለ ወንበር እየጠረገ።

«ሳላይ አልቀመጥም» አሉ አባቴ።

ጥግ ላይ ሁለት ቡናማ የእንጨት ሳጥኖች ቆመዋል፤ ቁመታቸው እስከ ጉልበት፣ ፊታቸው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ። አባቴ ዞሯቸው። በጀርባ ሄደው አዩ። አንዱን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሌላውን አንኳኩ። ሻኛ እንደሚዳብስ ሰው አናታቸውን ዳበሱ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ያገለገለ ነው፣ አባቴ። ግን ጤነኛ ነው።»

«ይህንንማ ባለ በሬ ሁሉ ይላል። የት አገር ያደገ ነው?»

«ከዱባይ ነው የመጣው።»

«ሙቀት የለመደ ነዋ! የእኛን ብርድ ይችለዋል?»

ባለ ሱቁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ በርበሬው አየሁ። «ይችለዋል፣ አባቴ» አለ ምስኪን። ከዚያ አገናኝቶ የመሰንቆ ዘፈን ከፈተ። እኔ ሙዚቃ አዋቂ አይደለሁም፣ ግን ክሩ ሲሳብ፣ ጣቱ ሲንሸራተት፣ የሰውየው ትንፋሽ ሳይቀር ክፍሉ ውስጥ ገባ። «ይሄ ነው» አልሁ በልቤ። አባቴ መሃል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስኪያልቅ ጠበቁ።

«የግራው ሰነፍ ነው» አሉ።

«እንዴት?» አለ ባለ ሱቁ።

«አይስብም። ሥራውን ሁሉ ለቀኙ ትቶታል።»

ባለ ሱቁ ሽቦውን ፈትሾ መልሶ ከፈተ። የግራው ሰነፍ ነው። እንግዲያው ብሎ ሁለቱን ሳጥን አቀያየራቸው፤ ላብ በላብ ሆነ።

«አሁንም የግራው ሰነፍ ነው።»

«አባቴ፣ አሁን በግራ ያለው ቅድም በቀኝ የነበረው እኮ ነው! ብርቱ ያሉት!»

«ግራ ሲሆን ይሰንፋላ! እንዲህ ያለ በሬ አውቃለሁ። በቀኝ ካልጠመዱት አይሄድም።»

ከመጋረጃ ኋላ ሌላ ጥማድ አወጣ። የእሱም ግራው ሰነፍ ሆነ። «ወላሂ፣ ይህን ያህል ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም» አለና ግንባሩን ጠረገ። እኔ ደግሞ አፈርሁም ኮራሁም፤ የገበያው ሰው ሁሉ ያመነው ዓይን ነውና፣ ማን ያውቃል፣ እኛ የማንሰማው ነገር ይሰሙ ይሆናል። በግራቸው ቆሜ «አባባ፣ ለእኔ ሁለቱም እኩል ናቸው» አልኋቸው። መልስ የለም። እንደ ልማዳቸው።

ባለ ሱቁ ግን ነጋዴ ነው፤ ሰው ሲያይ ነው የኖረው። ሙዚቃውን ዘጋና እኔ ወደ ነበርሁበት ወደ ግራ መጥቶ፣ ጮክም ዝቅም ሳይል፣ «አባቴ፣ መቶ ብር ወደቀዎት» አለ።

ይህን ሰምቶ ወደ መሬት የማያይ ገበሬ ገና አልተወለደም። አባቴ ስፒከሩን ያያሉ። ባለ ሱቁ በጀርባ ዞሮ ወደ ቀኛቸው ሄደና፣ ጠጋ ብሎ፣ ያንኑ ቃል ደገመው። ይኼኔ ጎንበስ ብለው ወለሉን በዘንጋቸው መፈለግ ጀመሩ።

ሰውየው አየኝ። አየሁት። እኔ ቤት አባቴ የሚቀመጡበት ወንበር ከግድግዳው ጥግ ነው፤ የእኔ ወንበር በግራቸው ነው። ገበታ ላይም በግራቸው ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥም በግራቸው ነበርሁ። ወደ ቀኛቸው ዞርሁና፣ «አባባ፣ ግራ ጆሮዎ አይሰማም?» አልሁ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ቆጣ ብለው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አንድ ሽማግሌ፣ ያውም ደንቆሮ፣ አማቹ ላይ ተጣለ እንዲባል ነው? ግራው ከሞተ ቆይቷል። ቀኙም ደክሟል። እናትሽ ታውቅ ነበር፣ ለሰው አላወራችብኝም።» ዘንጋቸውን ተደገፉ። «ስታወሪ አልሰማሽም፣ ልጄ። ስትቆጪ ብቻ ነው የምሰማሽ። ስምንት ወር ሙሉ የሰማሁሽ ስትቆጪ ነው። ከብጄባታለሁ፣ ቶሎ ልሂድላት ብዬ ነበር።»

እኔ ያን ሁሉ ወር ዝምታቸውን ስጠላ፣ እሳቸው ከእኔ የሚደርሳቸው ቁጣዬ ብቻ ኖሯል። ወሬው፣ ቀልዱ፣ «እንደምን አደሩ»ው ሁሉ ግራ ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። አፈርሁ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እዚያው አለቀስሁና በርበሬው ነው እንዲባልልኝ አፍንጫዬን ያዝሁ። ባለ ሱቁ እግዜር ይስጠው፣ «ይህ በርበሬ!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ዋጋው ቀረ። ስንከራከር፣ ስንማማል ቆየን፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ በላይ አልወርድም ብሎ ቆመ። የፍሪጅ ብሬ ከአንዱ ሳጥን ጥቂት አልፎ ያበቃል። «እንግዲያው አንዱን ስጠኝ» አልሁት።

«እትዬ፣ ጥማድ ይነጠላል እንዴ? አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርሱ ይባል የለም? የቀረውን ማን ይገዛኛል?»

«እኔ እገዛዋለሁ» አሉ አባቴ።

ሁለታችንም ዞርን። ከጋቢያቸው ሥር፣ ከወገባቸው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እየፈቱ ነው።

«ኧረ አባባ፣ በማርያም! እርስዎ እንግዳ ሆነው እንዴት…»

«እንግዳ በሬ አይገዛም። እኔ ግን እየገዛሁ ነው። ለተዝካሬ ያስቀመጥሁት ነው። እኔ የማልቀምሰውን ድግስ ሌላው ከሚበላልኝ፣ ጆሮዬ ሳይዘጋ ልስማበት።» ከዚያ ወደ ባለ ሱቁ ዞሩ። «አንተ ምስክር ሁን። አንዱ የሷ፣ አንዱ የእኔ። መቀናጆ ነው።»

ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ልንገረው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። ሌላ ባለ አንድ በሬ ይፈልግና ይጣመራሉ። ሁለቱን በሬ ባንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ ያንዱን መሬት፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። ይህ ነው መቀናጆ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገቡትን ውል ቃል በቃል አስቆጠሩን። አንድ ቀን የእሳቸው፣ አንድ ቀን የእኔ። በየቀኑ የሚሰማውን ባለ ቀኑ ይመርጣል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል። ቀለባቸው መብራት ስለሆነ የመብራቱ ወጪ እኩል። የእሳቸው በሬ የሚጠመደው ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ባለ ሱቁ ገበሬ አባት ኖሮት ነው መሰል አንዴም አልሳቀም፤ «አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ ሁለቱን ሳጥን እስከ መናኸሪያ ድረስ በጋሪ አስጫነልን። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ አባቴን ወደ ግራው መስኮት አስገብቼ በቀኛቸው ተቀመጥሁ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ለሌላ ተሳፋሪ ወንበር የሚተርፍ ወሬ አወራን።

ባሌ ሜትሩን ሳልዘረጋ በመመለሴ አኮረፈ፤ ስፒከሮቹን ሲሰማ ግን ማኩረፉን ረሳው። ሦስት ማዕዘኑ ላይ አስቀመጣቸው፣ አባቴንም ጫፉ ላይ። አባቴ ተነሡና ቀኙን ስፒከር እየገፉ ከቀኝ ጆሯቸው አጠገብ አደረሱት።

«አባባ፣ ሚዛኑ ተበላሸ እኮ! ግራውና ቀኙ እኩል መሰማት አለበት» አለ ባሌ ሊያለቅስ ደርሶ።

«በእኔ ቀን የምጠምድ እኔ ነኝ። አንተ በሬ አለህ?»

የለውም። ባገራችን በሬ የሌለው ሰው ለባለ በሬው በጉልበቱ ሠርቶ ነው የበሬ ቀን የሚያገኘው፤ ስለዚህ ባሌ ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ይፈልጥና ከሰዓት በኋላ ግማሽ ቀን ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ግማሽ ቀኑ ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? መለኪያ ነው ብሎ ከስልኩ አንድ ፉጨት። ዊይይይ እያለ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸው። አባቴ «ለዚህ ነው ያን ሁሉ እንጨት የፈለጥኸው?» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ገበያ ሆነ። አባቴ በቀናቸው ከዜና እስከ ዜና፣ ከመሰንቆ እስከ በገና ነው። በእኔ ቀን የወጣትነቴን የፍቅር ዘፈኖች ስከፍት ፊታቸውን አጨማደው ይሰማሉ። «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» ይሉኛል። «ትታው ሄዳ ነው፣ አባባ።» «እንዲህ ሲያለቅስባት ብትሄድ ምን ይፈረድባታል?» ባለ ቀን ላልሆነ ሰው መናገር በውል የተከለከለ ነው ስላቸው «እኔ ለዘፋኙ ነው የተናገርሁት» ብለው ይከራከሩኛል።

ትልቁ ጠብ ግን የመብራቱ ነው። አንድ ቀን በእሳቸው ተራ መብራት ጠፋና ሳይመጣ መሸ። በማግስቱ ተነሥቼ የእኔን ስከፍት በዘንጋቸው ወለሉን መቱት።

«ዝናብ ጥሎ ያልታረሰበት ቀን ይቆጠራል? የእኔ ቀን ነው!»

«አባባ፣ መብራትና ዝናብ ምን አገናኘው?»

«ሁለቱም ከላይ ነው የሚመጡት!»

ባሌን ዳኛ አድርገን ጠየቅነው፤ በሬ የሌለው ሰው አይፈርድም ብለው ሳይጀምር ከለከሉት። እኔም ጮህሁ፣ እሳቸውም ጮሁ። ጎረቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። መስከረም እንዲህ ስንነታረክ አለቀ። ጥርሴን ነክሼ የምተኛበት ቀን ነበር፤ ግን ያ የ«እግዜር ይስጥልኝ» ነገር ከቤቴ ጠፋ። ውሃ ሳቀብላቸው አሁን «ቀዝቅዟል!» ነው የሚሉኝ።

ጥቅምት ግን አልቀረም። በገባ በስድስተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ መጣ፤ ጎልማሳ፣ የአራት ልጆች አባት፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ስለ መሄዳቸው ከአባቴ ጋር አንድም ቀን አላነሣንም ነበር። ጠብ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ግን እቀራለሁ ያለ የለም። ለምኜ አላስቀራቸውም፣ በልመና የቀረ ሰው እንግዳ ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ። ስለዚህ ጠዋት ልብሳቸውን እኔው አጣጥፌ ከሻንጣ ከትቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥሁት።

የወንድማቸው ልጅ እህል ከቀመሰ በኋላ «እንግዲህ፣ አባባ፣ መኪናው ሳይሞላ እንነሣ» አለ።

አባቴ ሻንጣውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ወዴት ነው የምነሣው? መቀናጆ ገብቼ የለም እንዴ?»

ሰውየው ግራ ገባው። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ግቢውን አየ። «በሬው የታል?»

አባቴ በዘንጋቸው ወደ ቀኙ ስፒከር ጠቆሙ። ሰውየው ሊስቅ ጀመረና ማንም አለመሳቁን ሲያይ ዋጠው።

«ወቅቱ ሳያልቅ በሬውን ፈትቶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?» አሉት።

«ነውር ነው፣ አባባ። ሁለተኛ የሚቀናጀው አያገኝም» አለ። ገበሬ ነውና ይህን አይስተውም። ቆይቶ ግን ቀስ ብሎ፣ «እዚያ ያለው በሬዎስ?» አለ። «ጥጋብ ላይ ነው። እየጠበቀዎት ነው እኮ።»

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ መልሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እሱን አንተ እረስበት» አሉ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቼ ትለኛለህ! ያንተ ነው። ውሰደው። እኔ እዚህ በሬ አለኝ።»

የወንድማቸው ልጅ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በነጠላዬ ጫፍ አፌን አፍኜ አለቀስሁ። ያ ስጠላው የኖርሁት በሬ ስንት ዓመት አብሯቸው ጭቃ የገባ፣ ከእናቴ በኋላ የቀራቸው ጓደኛ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ሻንጣውን አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት ሲመልሰው ሰማሁ።

«አንቺ!» ሲሉ ተጣሩ አባቴ ከሳሎን። «ይህ ልጅ ሳይሄድ የስፒከሩን ጉልበት ይስማ። ዛሬ ተራው የማን ነው?»

መብራት የጠፋበትን ብንቆጥር፣ ባንቆጥር፣ በዝናብ ሕግም ሆነ ያለ ዝናብ፣ ያ ቀን የእኔ ነበር። ዓይኔን ጠረግሁና ወጥቼ በቀኛቸው በኩል ቆምሁ።

«የእርስዎ ነው፣ አባባ» አልኋቸውና ከፈትሁላቸው።